የቀፎው ሽቦ

ባለፈው ሳምንት ታናሽ ወንድሜ ከቦንጋ በአውቶቡስ ማር ላከልኝ። ጣሳውን በፌስታል ላይ ፌስታል ደራርቦ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ፣ በገመድ ጠፍሮ ነው የላከው። ማር ግን ማር ነውና መውጫ አላጣም፤ ጂማ መናኸሪያ ሄጄ ስቀበለው የከረጢቱ ዳር ዳር ረጥቦ ነበር። ቤቴ አምጥቼ ስፈታው ከጣሳው ሥር አንድ የሽቦ ጥቅልል ወጣ። ዝጎ ጠቁሯል፣ ሰምና የዛፍ ቅርፊት ተጣብቆበታል። እጄ ላይ እንዳረፈ አወቅሁት። ኑሮዬን የምገፋው ልጆችን ፒያኖ በማስተማር ስለሆነ የፒያኖ ሽቦ ከሌላ ሽቦ አይምታታብኝም።

ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ሺሺንዳ አጠገብ ካለው ከአባታችን ጫካ የመጨረሻው ቀፎ መውረዱን ነገረኝ። ዛፉ አርጅቶ ሊወድቅ ሲያዘነብል ጊዜ ጎረቤት ጠርቶ አስወርዶታል። አባባ ከመሞቱ በፊት፣ ያ ቀፎ በወረደ ጊዜ ሽቦውን ለምሕረት ስጧት ብሎ አደራ ማለቱን ጨመረልኝና፣ ለመሆኑ ምን ታደርጊበታለሽ ሲል ጠየቀኝ። ወንድሜ ነገሩ ሲሆን ገና አልተወለደም። በስልክ የሚያልቅ ወሬ ስላልሆነ ሌላ ጊዜ እነግርሃለሁ አልኩት። እነሆ አሁን ልጽፈው ተቀመጥኩ።

መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው፤ እኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ደርግ ዘግቶት የነበረው የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ለምእመናኑ ተመልሷል። በተዘጋበት ዘመን ቀበሌው የእህል መጋዘን አድርጎት ስለነበር፣ ሲከፈት ከአቧራውና ከአይጡ ጋር የውጭ አገር ሰዎች ጥለውት የሄዱት ፒያኖም ጥግ ይዞ እንደቆመ ተገኘ። አባቴ አቶ ወልዴ በሁለቱም ዘመን የዚያው አዳራሽ ዘበኛ ነበር። መንግሥት ሄደ፣ መንግሥት መጣ፣ እሱ ከበሩ አልተነቃነቀም። ከዘበኝነቱ ሌላ ሺሺንዳ አጠገብ ከአያቴ የወረሰው ጫካ ነበረው፤ እረፍት ሲያገኝ እዚያ ሄዶ ረጃጅም ዛፎች ላይ ቀፎ ይሰቅላል።

ፒያኖ ያስተማሩኝ እትዬ ሶስና ናቸው። የጤና ጣቢያ ነርስ ሲሆኑ በልጅነታቸው ከእነዚያ የውጭ ሰዎች እግር ሥር ተቀምጠው የተማሩ ናቸው፤ በከተማው ከሳቸው በቀር የሚችል አልነበረም። ሲያስተምሩም እንደ ነርስ ነው፤ ጀርባ ቀጥ፣ ጥፍር ቁርጥ፣ ለቅሶ የለም። ጣቴ ሲያጠፋ በእርሳስ ጫፍ ቸብ ያደርጉኛል እንጂ አይቆጡኝም።

ፒያኖው አንድ ሕመም ነበረበት። መሐል አካባቢ ያሉ ጥቂት ቁልፎች ድምፅ የላቸውም። ሲነኩ ድፍን ያለ የእንጨት ኳኳታ ብቻ ይሰማል። ቦንጋ ደግሞ ዝናብ የማይጥልበትን ወር ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ጫማ አልጋ ሥር ይሻግታል፣ ጨው በዕቃው ውስጥ ይረጥባል፣ በር ያብጥና አልዘጋም ይላል። ስለዚህ እትዬ ሶስና እርጥበት ነው አሉ፤ ሽማግሌዎቹም እርጥበት ነው አሉ፤ አባቴም ተስማማ። እንዲያውም ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ልምምድ ከመጀመሬ በፊት በአሮጌ የብረት ሳህን ፍም ይዞ መጥቶ ከፒያኖው ሥር ያኖር ነበር፣ እንጨቱ ይድረቅላት ብሎ። እሳቱ አንዳች ነገር እንዳይነካ እኔ ተጫውቼ እስክጨርስ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ቁልፎቹ ግን አንድ ቀንም አልዳኑም።

እኔም ለመድኳቸው። ሰው የጎደለ ጥርሱን እንደሚለምድ ሁሉ ለመድኳቸው። ጣቴ ሲደክመው ያርፍባቸዋል፤ ከሩቅ ቁልፍ ወደ ሩቅ ቁልፍ ስሻገር ወንዝ ውስጥ እንዳለ ድንጋይ እረግጣቸዋለሁ። የሚሰማ ነገር ስለሌለ እትዬ ሶስናም ቸብ አላደረጉኝም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ መዘዙ የመጣው ከዚህ ነው።

አንድ ቀን እትዬ ሶስና ለሥራ ጂማ ደርሰው ሲመለሱ አንድ ትምህርት ቤት ለወጣቶች የፒያኖ ውድድር ማዘጋጀቱን ሰምተው መጡ። እያንዳንዱ ተወዳዳሪ የፈለገውን አንድ ነገር ይጫወታል። ጉድ ፈላ። እሳቸው የመረጡልኝ ከአሮጌ መጽሐፋቸው ውስጥ ያለ አንድ የፈረንጅ የዳንስ ዜማ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ደግሞ በእግዚአብሔር ቤት ፒያኖ ዳንስ ለምን ይለመዳል ብለው ሁለት እሑድ ተሰበሰቡ። መጨረሻ ላይ ቤተ ክርስቲያን አልላከችሽም፣ ቤተ ክርስቲያን አልከለከለችሽም የሚል ውሳኔ ሰጡኝ። እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ ብልህ ውሳኔ ከየትም መሥሪያ ቤት አላየሁም። እናቴ በበኩሏ መንገዱን ፈራች። ወሩ ግንቦት ነው፤ ዝናቡ በርትቷል፣ ማሩም የሚወርድበት ጊዜ ነው። አባቴ ማሩን ትቶ እኔን ይዞ ይሄዳል ብሎ ማንም አልጠበቀም። እሱን ግን ከጥቂት ቀን በኋላ አንድ ጠዋት ጫማውን ሲያስጠርግ አየነው። በዚህ አወቅን።

ዜማውን በተመለከተ የኔም ሐሳብ ነበረኝ። አባቴ ዛፍ ላይ ወጥቶ ቀፎውን ከታች በገመድ ሲጎትት የሚያንጎራጉረው ነገር አለ። ቃል የለውም፤ ክንዱ ሲስብ ከፍ ይላል፣ ገመዱን ሲያጠብቅ ዝቅ ይላል። ከልጅነቴ ጀምሮ ከታች ቆሜ እሰማው ነበርና፣ ዝናብ ሰው ባስቀረበት ቅዳሜ ቁልፎቹን በጆሮዬ እየፈለግሁ ፒያኖው ላይ አወጣሁት። በጆሮ የተፈለገ ስለሆነ ዝም ያሉትን ቁልፎች አንዱንም አይነካም። መጨረሻው ግን አልነበረኝም። ቀፎው ቅርንጫፉ ላይ ደርሶ አባቴ ማሰር ሲጀምር ድምፁን ዝቅ ስለሚያደርግ ከታች ያለ ሰው አይሰማውም። ለእትዬ ሶስና ሳሰማቸው ጥሩ ነው አሉኝና፣ ጂማ ድረስ ጭቃ ረግጦ የጫካ ነገር ይዞ መሄድ ግን ደግ አይደለም፣ ይስቁብሻል ብለው መጽሐፋቸውን ከፊቴ አደረጉ። እኔም አመንኳቸው።

እትዬ ሶስና ተረኛ ስለነበሩ አልመጡም። እናቴ ቆጮ በኮባ ጠቅልላ፣ ኮረሪማ የገባበት ቅቤ በትንሽ ብርጭቆ አድርጋ ሰጠችን። አውቶቡሱ ጭቃ ውስጥ እየተንሸራተተ፣ ወንዱ ሁሉ እየወረደ እየገፋ፣ ጎጀብ ወንዝ ስንደርስ ሙቀቱ ተቀበለን። አባቴ ሙዝ ገዛልኝ። መንገዱን ሙሉ ጉልበቴ ላይ በጣቶቼ ዳንሱን ስጫወት አይቶ ሳቀ። በቦንጋ አንደኛ የሆንኩት ብቻዬን ስለሆንኩ መሆኑን ያኔ አላሰብኩም፤ ልቤ እንደ ዳቦ ተነፍቶ ነበር።

ጂማ የደረስነው ከሰዓት ነው። ተወዳዳሪዎች በየተራ እንዲሞክሩ ተፈቅዶ አዳራሹ በልጆችና በወላጆች ተሞልቷል። አንድ ሸምገል ያሉ ፒያኖ ቃኚ የፒያኖውን የፊት ሳንቃ አውልቀው ግድግዳ ላይ አስደግፈውት ነበርና የሆድ ዕቃው ሁሉ ይታያል። ተራዬ ሲደርስ ሳንቃው እንደወለቀ ተቀመጥኩ። አባቴ ዘበኛ ነውና ራቅ ብሎ መቆም አይችልም፤ መጥቶ ከፒያኖው አጠገብ ቆመ።

ጀመርኩ። የመጀመሪያው መሥመር ደህና ሄደ። ከዚያ ጣቴ እንደ ልማዱ ሊያርፍ ሲል ፒያኖው ጮኸ። ደንግጬ ቀጠልኩ፤ ስሻገር እንደገና ጮኸ። ባረፍኩበት ሁሉ፣ በረገጥኩት ድንጋይ ሁሉ፣ ያልጠራሁት ድምፅ ተነሣብኝ። ያ የማውቀው ዜማ ውስጥ ሌላ ሰው ገብቶ የሚሳደብ ነበር የመሰለኝ። መጀመሪያ ያሰብኩት ፒያኖው ተበላሽቷል ብዬ ነው። እጄን አንሥቼ ቃኚውን አየኋቸው።

"ፒያኖው ደህና ነው ልጄ" አሉኝ በቀስታ። "ጣትሽ ነው።"

ከኋላ የሆነ ልጅ ሳቀ፣ ከዚያ ብዙ ልጆች ሳቁ። ቃኚው አጠገቤ ተቀምጠው ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየነኩ አሳዩኝ፤ የትኛውን ያለ ጥሪው እንደምረግጥ፣ ስንት ቦታ እንደሆነ። እንዲህ ያለውን ልማድ ለመተው ወራት ያስፈልጋል አሉ። ውድድሩ በማግሥቱ ጠዋት ነበር።

ቀና ብዬ አባቴን ሳየው እኔን አያይም። የፒያኖውን ሆድ ነው የሚያየው። ቃኚው ቁልፍ በነኩ ቁጥር ትንሿ መዶሻ ተነሥታ ሽቦዋን ትመታለች፣ ሽቦዋ ትንቀጠቀጣለች፣ ድምፅ ይወጣል። አባቴ በእጁ አፉን ይዞ ያንን ይከተላል። ፊቱ አመድ መስሏል። በኔ አፍሮ መሰለኝ፤ ይህም ሌላ ድንጋጤ ሆነብኝ።

ይዞኝ ወጣ። በረንዳው ጥግ ላይ ተቀመጥን፤ ዝናብ ያካፋል። ያወራነው በካፊኖኖ ነበር፤ ቤታችን ውስጥ የምንናገረው እሱን ስለሆነ።

"ልጄ፣ ድምፅሽን ወስጄ ዛፍ ላይ የሰቀልኩት እኔ ነኝ" አለኝ።

ምን እንደሚል አልገባኝም። ቀስ እያለ አስረዳኝ። አዳራሹ መጋዘን በነበረ ጊዜ ፒያኖው ላይ የእህል ከረጢት ይጫንበት ነበር፤ የፊት ሳንቃውም ተላቅቆ ወድቋል። ለሌላ ነገር ይሆናል ብሎ ያሰበ ሰው የለም። በዚያው ዓመት የቀፎዎቹን ማሰሪያ ሐረግ ምስጥ እየበላ ቀፎ ከነንቡ እየወደቀ ይከሰከስ ነበር። አባቴ በፒያኖው ሆድ ውስጥ የተወጠረ ጥሩ ሽቦ አየ። ሽቦ ማሰሪያ ነው፤ ሳጥኑ እንዳይፈርስ ያሰሩበት ነው ብሎ አሰበ። ድምፁ ከነጫጮቹ ቁልፎች የሚወጣ ነበር የሚመስለው፤ ጣት የሚያርፈው እዚያ አይደል? እጁ ከደረሰበት ከመሐሉ ጥቂት ፈታና ቀፎዎቹን አሰረበት። አዳራሹ ሲመለስ ደግሞ አምሮ እንዲታይ ብሎ ሳንቃውን መልሶ በምስማር የመታው ራሱ ነው። ከዚያ ወዲያ ማንም አልከፈተውም።

"ለምንድን ነው እስከ ዛሬ ያልነገርከኝ?" አልኩት።

"ዛሬ ነዋ ያወቅኩት" አለኝ።

ተናደድኩበት። አዎ፣ በጣም ተናደድኩበት፤ የዚያን ሁሉ ቅዳሜ ፍም አስታውሼ፣ እርጥበት ነው እያለ ወለል ላይ ሲቀመጥ ታይቶኝ፣ ይባሱኑ ተናደድኩ። ከዚያ እጆቹን አየሁ። ገመድ የላጣቸው እጆቹ ጉልበቱን አጥብቀው ይዘው ነበር። ከረጅም ዛፍ ጫፍ ላይ ሲንጠለጠል እንኳ ቅርንጫፉን እንዲህ አጥብቆ አይዝም። ያ ነገር ከልጆቹ ሳቅ ይልቅ አስደነገጠኝ።

እንመለስ አለኝ። አውቶቡስ ጠዋት ይወጣል፤ አሞኛል እላለሁ፣ እኔ ላይ ይሁን አለ። እኔም አሰብኩት። ብመለስ ሽማግሌዎቹ አሉ፣ እትዬ ሶስና አሉ፣ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ አሉ። ዳንሱን ብጫወት ደግሞ ያ ሳቅ አለ። ሁለቱንም ሳገላብጥ ቆየሁና ጫካው ትዝ አለኝ።

"አባባ፣ ቀፎ ስትጎትት የምትለውን ነው የምጫወተው" አልኩት።

አባቴ ቀና አለ። ያ እኮ ዘፈን አይደለም፣ ለገመድ የሚባል ነው፣ በከተማ ሰው ፊት አይሆንም እያለ ተቃወመኝ። ይልቁንም መጨረሻውን አታውቂውም አለኝ። እውነቱን ነው፤ አላውቀውም። ያን ጊዜ ከየት እንደመጣልኝ ያላወቅኩትን ነገር ተናገርኩ።

"ሽቦውን ወስደህብኛል። መጨረሻውን ስጠኝ።"

ዝናቡን እያየ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ከኔ በቀር ማንም እንዳይሰማ አድርጎ፣ ቅርንጫፍ ላይ ሆኖ የሚለውን አንጎራጎረልኝ። አጭር ነበር። ወደ ላይ የሚወጣው ዜማ መጨረሻው ላይ ወደ ታች ይመለስና አንድ ቦታ ላይ ያርፋል። ደጋግሞ እስክይዘው ድረስ ነገረኝ።

በማግሥቱ ሰው ሳይሞላ ቃኚው አስገቡኝና ያችን መጨረሻ በጆሮዬ ፈለግኋት። የመጨረሻዋ ማረፊያ ያገኘኋት የት መሰላችሁ? ቦንጋ ላይ ድምፅ ከሌላቸው ቁልፎች በአንዱ ላይ ነው። በአዳራሻችን ባለው ፒያኖ ብፈልጋት ኖሮ እድሜ ልኬን አላገኛትም ነበር።

ተራዬ ሲደርስ ስሜን ጠሩ፣ የዜማውን ስም ጠየቁኝ። የቀፎ መስቀያ አልኩ። ከዳኞቹ አንዷ እስኪርቢቶዋን አንሥታ አየችኝ። ሌሎቹ ልጆች ረጅም ረጅም ነገር ተጫውተው ነበር፤ የኔ ጀመረ ሲባል አለቀ። ያችን የመጨረሻ ቁልፍ ስነካት ድምፅዋ እስኪጠፋ ድረስ ጣቴን አላነሣሁም። የሳቀ አልነበረም። ያጨበጨበም ብዙ አልነበረም። አባቴ ግን ከኋላ ግድግዳ አጠገብ ቆሞ፣ ያች ድምፅ ስትወጣ በሰው ፊት ሊያሰማው ያልፈለገውን ነገር ሰምቶ፣ ሰው እንደጠራው ሆኖ ድንገት አንድ እርምጃ ወደፊት ሲራመድ አየሁት።

ሽልማት አላገኘሁም። ዳኛዋ ስትወጣ አግኝታኝ ደስ የሚል ነው፣ ግን ከምን ጋር እናወዳድረው አለችኝ። ቅር አላለኝም፤ እኔም ከምን ጋር እንደሚወዳደር አላውቅም። ስንመለስ የጎጀብን ድልድይ ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር አባቴ፣ ከያንዳንዱ ሽቦ የራሱ ድምፅ ነው ወይ የሚወጣው ሲል ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ቦንጋ እንደደረስን ለእትዬ ሶስና ሄዶ ራሱ ነገራቸው። እሳቸው አፋቸውን ይዘው ቆዩና፣ ቀጥለው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። በዚያው ሳምንት ሺሺንዳ ሄዶ ቀፎዎቹን ከሽቦ ወደ ሐረግ መለሰ። አንዱን ብቻ፣ በትልቁ ዛፍ ጫፍ ያለውን፣ ንቦቹ ሥራ ላይ ናቸውና አሁን አይነኩም ብሎ ተወው። ያወረዳቸው ሽቦዎች ዝገው ስለነበር ለፒያኖው አልሆኑም። የቀረውን ደግሞ በየዓመቱ ንቦቹ ሥራ ላይ ናቸው እንዳለ ሞተ።

ዛሬ ልጆች ሊማሩ ሲመጡ መጀመሪያ ወንበር ላይ አላስቀምጣቸውም። ክዳኑን ከፍቼ ሽቦዎቹን አሳያቸዋለሁ፣ ቁልፍ እየነካሁ መዶሻዋ ስትነሣ እንዲያዩ አደርጋለሁ። ወላጆች ለዚህ ነው ወይ የምንከፍለው የሚል ፊት ያሳዩኛል። ይሁን። ስለ አባቴ ግን ብዙ ዘመን ሳስብ ኖሬያለሁ። አንድ ሰው በሙሉ ፍቅሩ ከሥርሽ እሳት ሲያነድልሽ ኖሮ፣ የጎደለሽን ነገር የወሰደው ራሱ ሆኖ ሲገኝ ምን ይባላል? የማውቀው ያን ሁሉ ዓመት የበላሁት ማር በዚያ ሽቦ ላይ ተንጠልጥሎ የመጣ መሆኑን ነው።

ከወንድሜ ጋር ተነጋግሬ ስጨርስ ሽቦውን በጨርቅ ጠራረግሁትና በረንዳዬ ላይ፣ ከጣሪያው አግዳሚ እንጨት ላይ ካለው ምስማር አሰርኩት። በታችኛው ጫፍ ደግሞ ሌላ የሚከብድ ነገር ስላጣሁ የማሩን ጣሳ አንጠለጠልኩበት። እጄን ከጣሳው ላይ ሳነሣ ሽቦው ተወጠረ። በአውራ ጣቴ ነካ አደረግሁት።

ጮኸ። ዝገት የበላው፣ ወፍራም፣ ከጠበቅሁት በላይ ረጅም ጊዜ የቆየ ድምፅ። ትክክለኛው ድምፁ እንዳልሆነ ሙያዬ ነውና አውቃለሁ። ቢሆንም ደንግጬ እጄን ሰበሰብኩና ጣሳው እየተወዛወዘ እስኪቆም ድረስ ቆሜ አየሁት። ከዚያ ወንበር አመጣሁ፣ እንደ አባቴ ጉልበቴን ይዤ ተቀመጥኩና እንደገና ነካሁት።